ባድሚንተን ስንጫወት የሚያጨቃጭቁን ነገሮች፦ ችግርና መፍትሄ

«ተራው የማን ነው? ከየትኛው ጎን ነው የሚመታው?»

ይህ ጥያቄ በተለይ በጥንድ ጨዋታ ሁሉንም ያናክሳል። አንዱ ምክንያት የድሮውና የአሁኑ ደንብ መደባለቁ ነው። እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ (ምልልሱን የሚጀምረውን ምት) የመታው ወገን ብቻ ነበር፤ በጥንድ ጨዋታም ሁለቱም አጋሮች በየተራ ሰርቭ ይመቱ ነበር። ዛሬ ማንም ሰርቭ ይምታ፣ ምልልሱን ያሸነፈው ነጥቡን ይወስዳል፤ ቀጣዩንም ሰርቭ እሱ ይመታል። ሌላው ምክንያት ከመረብ ኳስ የመጣ ልማድ ነው፦ ሰርቩን ባስመለሱ ቁጥር ቦታ መቀያየር።

መፍትሄው የሰርቭ መቺውን ወገን ነጥብ ማየት ነው። ነጥቡ 0፣ 2፣ 4 እያለ ተጋማሽ ከሆነ ከቀኝ፣ 1፣ 3፣ 5 እያለ ጎደሎ ከሆነ ከግራ ይመታል፤ ኳሱም ሁልጊዜ በሰያፍ ወደ ተቃራኒው ሳጥን (በመስመር ወደ ታጠረው የሰርቭ መቀበያ ቦታ) ይሄዳል። በጥንድ ጨዋታ እናንተ 6፣ እነሱ 5 ናችሁ እንበል። ሰርቩ የእናንተ ነው፤ በቀኝ የቆመው ይመታል። ካሸነፋችሁ 7 ትሆናላችሁ፤ እናንተ ሁለታችሁ ጎን ትቀያየራላችሁ፣ ያው ሰው ከግራ ይመታል። ከተሸነፋችሁ ግን እነሱ 6 ይሆናሉ፤ ማንም ቦታ አይቀይርም፣ ከእነሱ በቀኝ የቆመው ይመታል። ቦታ የሚቀያየረው ራሱ ሰርቭ መትቶ ነጥብ ያገኘ ወገን ብቻ ነው። ተሳስታችሁ መቆማችሁ ዘግይቶ ቢታወቅም ቦታውን አስተካክሉ እንጂ ነጥቡን አትሰርዙ፤ ደንቡ የሚለው እንዲህ ነው።

«ሰርቭህ ልክ አይደለም!»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከፍታው ላይ ነው። ራኬቱ ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት ኳሱ በሙሉ ከወለሉ 1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት። ይህን በዓይን መገመት ስለሚያጣላ ቀላል መላ አለ፦ የመረቡ ቋሚ ቁመቱ 1.55 ሜትር ስለሆነ ከጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። እግሮችም ከወለሉ መላቀቅ የለባቸውም። ሰርቩ መረቡን ነክቶ በትክክለኛው ሳጥን ካረፈ ግን ልክ ነው፤ እንደ ቴኒስ አይደገምም።

«ወጥቷል!» «አልወጣም!»

መስመር የነካ ኳስ ውስጥ ነው። ግራ የሚያጋባው የመስመሮቹ ብዛት ነው። በነጠላ ሜዳው 5.18፣ በጥንድ 6.10 ሜትር ይሰፋል። በጥንድ ሰርቭ ጊዜ ብቻ ከኋላ 76 ሳንቲ ሜትር ገባ ያለው መስመር ወሰን ይሆናል፤ ሰርቩ ከተመለሰ በኋላ ሜዳው እስከ መጨረሻው ክፍት ነው።

ኳሱ ሁልጊዜ ከኋላ ይወጣል

አዲስ አበባ ላይ ይህን የማያውቅ ተጫዋች የለም፤ ጀማሪዎችም ክንዳቸውን ይወቅሳሉ። ጥፋቱ ግን የክንድ ላይሆን ይችላል። ከተማዋ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የኳሱን ላባ ይዞ የሚያዘገየው ነገር ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ 77 ወይም 78 ቁጥር ኳስ (ቁጥሩ ፍጥነቱን ያሳያል፤ ሲያንስ ኳሱ ዘገምተኛ ነው) እዚህ ይፈተለካል። ስትገዙ በቆርቆሮው ላይ 75 ቁጥር ፈልጉ፤ የፕላስቲክ ከሆነ ዘገምተኛው አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ቀለበት ያለው ነው፣ ቀዩ ፈጣኑ ነው።

ለመፈተን ከኋላ መስመር ላይ ቆማችሁ ከታች ወደ ላይ በሙሉ ኃይል ምቱት። ከወዲያኛው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲ ሜትር ሳይደርስ ቢያርፍ ፍጥነቱ ተስማሚ ነው። የወፍ ላባ ኳስ ካለፈ ደግሞ የጥቂት ላባዎችን ጫፍ በእኩል ርቀት ወደ ውጭ ማጠፍ ያዘገየዋል።

21 ደርሰን ጨዋታው አላለቀም

20 እኩል ከሆናችሁ ሁለት ነጥብ መብለጥ ያስፈልጋል። 29 እኩል ላይ ግን መብለጥ የለም፤ 30ኛውን ያገባ ያሸንፋል።