እማማ ከወንበሩ ለምን ይንሸራተታሉ? የነርሲንግ ሆም ወንበር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋም) ውስጥ ያሉ ብዙ አረጋውያን ቀኑን የሚገፉት ወንበር ላይ ነው። ቁርሱም እዚያው፣ ቴሌቪዥኑም እዚያው፣ የከሰዓቱ እንቅልፍም እዚያው። ወንበሩ ካልተመቻቸው ቀኑን ሙሉ አልተመቻቸውም ማለት ነው። እዚህ አሜሪካ በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) የምንሠራ ሐበሾች ብዙ ነን። ወላጆቻቸውን ነርሲንግ ሆም ያስገቡ ወይም ቤታቸው የሚያስታምሙም አሉ። ይህ ለሁለቱም ወገን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ችግር ስታዩ ትራስ ፍለጋ አትሩጡ፤ ዳሌያቸውን እዩ። አንገት ቢዘነበል፣ ትከሻ ቢጣመም፣ እግር ቢንጠለጠል አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ከታች ነው። ዳሌ ወንበሩ ውስጥ በደንብ ገብቶ ካልተቀመጠ ከላይ የሚደረደር ትራስ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ወደ ፊት እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ

ይህን ያላየ የነርሲንግ ሆም ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ጠዋት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። ምሳ ሲደርስ ዳሌያቸው የወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ትከሻቸው መደገፊያው መሃል፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ነው። ሁለት ሰው መጥቶ በብብታቸው ይዞ ወደ ላይ ይጎትታቸዋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ እዚያው ናቸው። (በብብት መጎተት ትከሻ ይጎዳል፣ ቆዳም ይልጣል። ይቅርብን።)

ሻንጣ ሙሉ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን ሦስቱን አስቀድማለሁ።

አንደኛው መቀመጫው ወደ ኋላ በጣም ረጅም መሆኑ ነው። ዳሌያቸውን እስከ መደገፊያው አስገቡና በመቀመጫው ጫፍና በጉልበታቸው ኋላ መካከል ጣታችሁን ክተቱ። ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። ምንም ካልገባ የወንበሩ ጫፍ ባታቸውን እየገፋ ነው፤ ሰውነት ደግሞ ከሚገፋው ነገር ይሸሻል፣ ዳሌውን ወደ ፊት ይለቃል። መፍትሄው የመቀመጫው ርዝመት የሚስተካከል ወንበር ነው። እሱ ከሌለ ከዳሌ እስከ ትከሻ የሚደርስ ጠንከር ያለ የጀርባ ኩሽን ሙሉ ጀርባቸውን ወደ ፊት ያመጣዋል። ወገብ ላይ ብቻ የምትሸጎጥ ትንሽ ትራስ ግን ጭራሽ ልትገፋቸው ትችላለች።

ሁለተኛው የጭን ኋላ ጅማት ነው። ለዓመታት ተቀምጦ የዋለ ሰው ይህ ጅማት ያጥርበታል። እኛ ደግሞ "እግራቸው ይረፍ" ብለን የእግር ማሳረፊያውን ወደ ላይ እንዘረጋለን። ያጠረው ጅማት ሲሳብ ዳሌውን ይዞት ይመጣል። ማሳረፊያውን አውርዱት፣ ጉልበታቸው ይታጠፍ። ለአንዳንዱ ሰው እግሩ ትንሽ ከመቀመጫው ስር ገባ ሲል ነው መንሸራተቱ የሚቆመው።

ሦስተኛው የወንበሩ አስተጋደም ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚስተካከል ወንበር ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው። ሪክላይን የሚባለው መደገፊያውን ብቻ ወደ ኋላ ይለቃል። ቲልት ግን መቀመጫውንም መደገፊያውንም አንድ ላይ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ የዳሌው መታጠፊያ አይለወጥም። መደገፊያው ብቻ ሲወርድ ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ቆዳው ግን ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አጥንቱ ወዲያ ቆዳው ወዲህ ሲጎተቱ ከውስጥ ያለው ሥጋ ይጎዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ቲልት፣ ቀጥሎ ሪክላይን። ስትመልሱ በግልባጩ፦ መጀመሪያ መደገፊያውን አንሱ፣ ቲልቱን መጨረሻ አውርዱ። ቲልት የሌለው ሪክላይነር ራሱን ችሎ ለሚነሳ ሰው ጥሩ ነው። ራሱን ማስተካከል ለማይችል ሰው ግን እኔ አልመርጠውም።

እንዳይንሸራተቱ ብሎ ቀበቶ ማሰር መፍትሄ አይደለም። ሰውየው ከቀበቶው ስር ሾልኮ አንገቱ ሊያዝ ይችላል፤ በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። በሕጉም ቢሆን በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ነዋሪን ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ማሰርን ከልክሏል። ራሳቸው የማይፈቱት ቀበቶ፣ ራሳቸው የማያነሱት የጠረጴዛ ትሬይ፣ መነሳት የሚችልን ሰው እንዳይነሳ የሚያደርግ ጥልቅ ወንበር ጭምር እንደ ማሰር ሊቆጠር ይችላል።

ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ

ዛሬ በድንገት የጀመረ ከሆነ የወንበር ጉዳይ አይደለም። ፊታቸው በአንድ በኩል ከወደቀ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ነርስ ጥሩ፤ ቤት ከሆናችሁ 911 ደውሉ።

ቆየት ያለ ከሆነ ስፋቱን ለኩ። በዳሌያቸውና በወንበሩ ጎን መካከል መዳፋችሁ ጠፍጣፋ ሆኖ በሁለቱም በኩል ልክክ ብሎ መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ክፍት ከሆነ ሰውየው ክንዱን የሚያሳርፍበት ፍለጋ ነው የሚያዘነብለው። አንድ ሳይዝ ወንበር በጅምላ ለሁሉም ሲገዛ ቀጫጭን እናቶች ውስጡ ይጠፋሉ። ጠበብ ያለ ወንበር፣ ካልተገኘ ደግሞ በዳሌ በኩል የሚገባ የጎን ደጋፊ ያስፈልጋል። ትከሻ ስር ፎጣ መጠቅለል የትም አያደርስም።

ታጣፊ ዊልቸር ከሆነ መቀመጫውን ነክታችሁ እዩት። ጨርቁ ከጊዜ ብዛት ይረግባል፣ ዳሌም አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ይላል። ከኩሽኑ ስር ጠንካራ ጠፍጣፋ ሰሌዳ መግባት አለበት። ታጣፊው ዊልቸር ለማመላለሻ እንጂ ቀኑን ሙሉ ለመዋያ የሚሆን አይደለም።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። እስከ ከሰዓት ደህና ሆነው ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ማዘንበል ከጀመሩ ደክሟቸዋል። ያኔ መድኃኒቱ አልጋ ነው።

መቀመጫቸው ይቀላል፣ "አቃጠለኝ" ይላሉ

ሰው ሲቀመጥ አብዛኛው ክብደቱ የሚያርፈው ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው። አልጋ ላይ ያለ ሰው ብቻ የሚቆስል የሚመስለው ሰው አለ፤ ወንበርም ያቆስላል። የቀላውን ቦታ በጣት ጫን ብላችሁ ስትለቁ ነጣ ካላለ ቁስሉ ጀምሯል። በእኛ የቆዳ ቀለም ግን ይህ መቅላት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጅ ዳስሱ፦ ከአካባቢው ይሞቃል ወይ ይቀዘቅዛል? ይጠነክራል ወይ ይለሰልሳል? ያማቸዋል? ጠቆር ወይም ወይንጠጅ ያለ ቦታ አለ? ካለ ለነርስ ዛሬውኑ ተናገሩ፤ ቻርት (የሕክምና መዝገባቸው) ላይም ይግባ።

ከዚያ ኩሽኑን ፈትሹ። ሰውየው እንደተቀመጡ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከኩሽኑ ስር፣ በመቀመጫ አጥንቱ ትክክል አስገቡ። አጥንቱ እጃችሁ ላይ ከመጣ ስፖንጁ ሞቷል፤ የአየር ኩሽን ከሆነም አየር አንሶታል። የአየር ኩሽን በአጥንቱና በታችኛው ክፍል መካከል ከግማሽ እስከ አንድ ኢንች ቢቀረው ጥሩ ነው። እንደ ኳስ መንፋትም ጥፋት ነው፤ ሰውየው ላዩ ላይ ይንሳፈፋሉ እንጂ አይገቡበትም።

ሌላው ጥፋት የምንደርበው ነገር ነው። ፓድ በፓድ ላይ፣ የታጠፈ አንሶላ፣ ከሆየር ሊፍት (ሰው ከሚያነሳው ማሽን) የቀረ ስሊንግ፣ ማለትም ማንሻ ጨርቅ። እኛ ሐበሾች ደግሞ ጋቢ አራት አጥፈን እናነጥፋለን። ከፍቅር ነው፤ ግን በብዙ መቶ ዶላር የተገዛውን ኩሽን ሥራ ፈት ያደርገዋል። ከኩሽኑና ከሰውየው መካከል አንድ ስስ ፓድ ይበቃል። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ አድርጉላቸው። መሃሉ ክፍት የሆነውን ክብ ኩሽን ደግሞ አትግዙ፤ ጫናውን ዙሪያው ላይ ስለሚያከማች ያባብሰዋል።

ቲልት ያለው ወንበር እዚህም ይረዳል፤ ነገር ግን ትንሽ ዘንበል ማድረግ አቀማመጥ ያስተካክላል እንጂ ጫና አያወርድም። ክብደቱ ከመቀመጫ ወደ ጀርባ እንዲሄድ 30 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ራሳቸውን ማነቃነቅ የሚችሉ በየ15 ደቂቃው ክብደታቸውን ቢቀያይሩ፣ የማይችሉትን ደግሞ ቢያንስ በየሰዓቱ እኛ ብንቀይራቸው ነው ደንቡ። የቱንም ያህል ውድ ወንበር ይህን አያስቀርም።

እግራቸው ይንጠለጠላል፣ ያብጣል

መቀመጫው ከፍ ብሏል። የእግራቸው መዳፍ ሙሉ በሙሉ ወለሉ ወይም ማሳረፊያው ላይ ማረፍ አለበት፤ ካላረፈ የወንበሩ ጫፍ ጭናቸውን ከስር ይጫናል። ከፍታውን ዝቅ አድርጉ። ወንበሩ የማይስተካከል ከሆነ የማይንሸራተት ጎማ የተለጠፈበት የእንጨት ሳጥን ይሠራል። አዲስ አበባ እናቱን ቤት የሚያስታምም ሰው ልኩን ይዞ ሄዶ ሰፈሩ ካለ አናጺ ማሠራት ይችላል።

ቀጥ ብለው ተቀምጠው እግር ብቻ ወደ ፊት መዘርጋት እብጠቱን እምብዛም አይቀንስም፣ እግሩ አሁንም ከልብ በታች ነውና። ቲልት ተደርጎ ሲነሳ ነው የሚረዳው። ተረከዝ ደግሞ ጠንካራ ነገር ላይ አይዋል። አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ካመማቸው የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቶሎ ይያቸው።

ለመነሳት አቅም ያጣሉ

ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ ብሎ ከሆነ ወንበሩ ዝቅ ብሏል። ክንድ ማሳረፊያው እስከ መቀመጫው ጫፍ መድረስ አለበት፤ የሚገፉት እሱን ነው። ከወንበሩ ስርም እግር ወደ ኋላ የሚገባበት ክፍት ቦታ ይኑር። የዳሌ መገጣጠሚያ የተቀየረላቸው ሰው ከቤተሰብ ጋር ቡና ሲጠጡ በርጩማ ወይም ሰመጥ ያለ ሶፋ ላይ አይቀመጡ፤ ሐኪሙ ካልፈቀደ በቀር ዳሌ ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍ የለበትም።

አንስቶ የሚያቆመው ሊፍት ቼር ጥሩ ነው፤ ግን ቁልፉን ሳያውቁት ለሚጫኑ የመርሳት ሕመምተኞች አደገኛ ነው። ለቤት የምትገዙ ከሆነ ሜዲኬር ፓርት ቢ (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ክፍል)፣ ሐኪም ካዘዘና መስፈርቱን ካሟሉ፣ የማንሻውን ሞተር እንጂ ወንበሩን እንደማይሸፍን እወቁ።

ሲበሉ ያስላቸዋል

ተንጋለው እየበሉ ይሆናል። ለምግብ ሰዓት ወንበሩን በተቻለ መጠን ቀጥ አድርጉ፣ ከበሉም በኋላ ለ30 ደቂቃ ያህል እንዲሁ ይቆዩ። ጀርባቸው ለጎበጠ ሰው ግን ቀጥ ያለ መደገፊያ አንገታቸውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ጉብታውን የሚቀበል ለስላሳ ጀርባና ትንሽ ቲልት ይሻላቸዋል። ሳሉ ካልቆመ ስፒች ቴራፒስት (የንግግርና የመዋጥ ችግር ባለሙያ) ይያቸው።

አሥር ጊዜ እየተነሱ ያስቸግራሉ

ወንበሩን ከመቀየራችሁ በፊት ሽንት ቤት ውሰዷቸው። ሕመምም፣ ረሃብም፣ መሰልቸትም ሊሆን ይችላል። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን በኋላ የተማሩትን እንግሊዝኛ ረስተው ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲመለሱ ይታያል። "ሽንቴ መጣ" ሲሉ የሚሰማቸው ከሌለ ያላቸው አማራጭ መነሳት ብቻ ነው። አምስት ስድስት ቃላትን ለሠራተኞቹ እንዲነበብ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ወንበሩ አጠገብ ለጥፉ።

አዲስ ወንበር ሲመረጥ

ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ "ይመቻል" ማለት ምንም አይነግራችሁም። ቢያንስ አንድ የምግብ ሰዓት የሚሸፍን ሙከራ ጠይቁ። ለመግዛት የምትሄዱት አራት ልክ ይዛችሁ ነው፦ የዳሌ ስፋት፣ ከዳሌ ኋላ እስከ ጉልበት ኋላ፣ ከጉልበት ኋላ እስከ ተረከዝ፣ ከመቀመጫ እስከ ክርን። የሚችለው ክብደት መለያው ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት። ሽፋኑ ሽንት የማያሳልፍና የሚታጠብ ይሁን።

ነርሲንግ ሆም ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት የኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ስብሰባ ላይ የኦክፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴና የአቀማመጥ ባለሙያ) ግምገማ ጠይቁ። ስብሰባው በየሦስት ወሩ ገደማ ይካሄዳል፤ ቤተሰብም ይገባል። ልክ እንደተቀመጡና ከሁለት ሰዓት በኋላ ከጎን ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ይዛችሁ ግቡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ቴራፒስት ብዙ ማስረዳት አይጠብቅባችሁም።