ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትስብም፦ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲያንሸራትት ምን ይደረጋል?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ እየወጡ ነው። ነዳጁን ሲረግጡ የሞተሩ ዙር ከ2,000 ወደ 4,000 ይዘላል፤ ፍጥነትዎ ግን ንቅንቅ አይልም። ከኋላ ያለው ታክሲ ጡሩምባውን ይለቅብዎታል። ከአፍታ በኋላ ማርሹ ድንገት ሲይዝ መኪናዋ ዘልላ ትነሳለች። ካምቢዮ አንሸራተተ የሚባለው ይህ ነው። ጠዋት ዲ ወይም አር ሲያስገቡ ለመነሳት ሁለት ሦስት ሰከንድ የምታመነታ ከሆነም ከዚሁ ሕመም ወገን ነው።

መኪናዎ ሲቪቲ ከሆነች ግን አይቸኩሉ። በከተማችን ከሚርመሰመሱት ቪትዞች ብዙዎቹ በብረት ቺንጋ የሚሠራው ይህ ዓይነት ካምቢዮ አላቸው። በእነርሱ ሞተሩ ቀድሞ መጮሁ፣ ፍጥነቱም ተከትሎ መምጣቱ ጠባያቸው ነው። አሳሳቢ የሚሆነው ዙሩ እግርዎን ሳያነቃንቁ ከፍ ዝቅ ሲል ወይም መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ነው።

ጋራዥ ገብተው «ካምቢዮው ይውረድ» ለሚለው ፍርድ እሺ ከማለትዎ በፊት የካምቢዮውን ዘይት ይመልከቱ። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ሸራ የለበሱ ስስ ዲስኮች ተደራርበው ይገኛሉ፤ እነርሱን አጣብቆ ጉልበት የሚያስተላልፈው የዘይቱ ግፊት ነው። ዘይቱ ከጎደለ ግፊቱ ይወርዳል፣ ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ፣ ሸራቸው ይቃጠላል። አንድ ሊትር ዘይት ማጣት የሙሉ ካምቢዮ ዋጋ የሚያስከፍለው በዚህ መንገድ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናዋን 15 ደቂቃ ያህል ነድተው ካሞቁ በኋላ ሜዳ ላይ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ሞተሩን አያጥፉ። ፍሬን ረግጠው ማርሹን ከፒ ጀምሮ በየቦታው ጥቂት እያቆዩ ያዳርሱና ወደ ፒ ይመልሱ። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ (የሞተሩን አይደለም) አውጥተው ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሰው ይክተቱ፣ እንደገና አውጥተው ያንብቡ። ዘይቱ በሙቅ ምልክቶቹ መካከል መሆን አለበት። በብዙ ሆንዳዎች ግን የሚለካው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ስለሆነ መመሪያ መጽሐፉን ይመኑ። ዘንግ የሌላቸው መኪኖችም አሉ፤ እነዚያ ከፍ ተደርገው ከሥር ባለ ቡሎን በኩል፣ የዘይቱ ሙቀት እየታየ ስለሚለኩ ለባለሙያ ይተዉአቸው።

ከዚያ ሁለት ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ያንጠባጥቡ። እኔ ከየትኛውም ማሽን በፊት የማምነው ይህን ሶፍት ነው። የጠራ ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ ዙሪያውን ከተሰራጨ ደህና ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ጠቁሮ መሐል ላይ ከረጋና የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ሸራው ተበልቷል። ወተት የተቀላቀለበት እንጆሪ ጭማቂ ከመሰለ ደግሞ የራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታል፤ በዚያ ሁኔታ መኪናዋን አንድ ሜትር እንኳ አያንቀሳቅሱ።

ዘይቱ ጎድሎ ከተገኘ ይሙሉ፤ ግን የቱን? ለቀድሞዎቹ ቶዮታዎች ቲ-አራት የሚባለው የካምቢዮ ዘይት፣ ለኋለኞቹ ደብሊው-ኤስ የሚባለው፣ ለሲቪቲ የራሱ ዘይት። «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚል መካኒክ አጋጥሞኛል፤ ያን ዕለት በሲቪቲዬ ላይ የጨመረልኝን ዘይት ለማስወጣት ሦስት ጊዜ መቀየር ነበረብኝ። ሩብ ሊትር እየጨመሩ ይለኩ፤ ከልክ ማለፍም አረፋ ፈጥሮ መልሶ ያንሸራትታል። ዘይቱ ተንኖ አይጠፋምና ፍሳሹን ይፈልጉ፦ ማታ ካርቶን ከሥሯ ያንጥፉ፣ ጠዋት ቀይ ጠብታው የት እንደወደቀ ይዩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም የመጋጠሚያው ማሸጊያ፣ ወይም ፓራኦሊ የሚባለው ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት ነው።

ልኩ ትክክል ሆኖ ዘይቱ ካረጀ ያስቀይሩ። ከሥር ሲፈታ የሚወጣው ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂት ቀናት ነድቶ መድገም በማሽን ግፊት ከማጠብ ይሻላል ባይ ነኝ። ኮፓው ሲወርድ እዚያው ይቁሙ። ኮፓው ውስጥ ባለው ማግኔት ላይ ግራጫ ቅባት የመሰለ ነገር የተለመደ ነው፤ የብረት ስብርባሪ ከታየ ግን ገንዘብዎን ለዘይት አያባክኑ። «ዘይት ስቀይር ካምቢዮው ሞተ» የሚሉ ሰዎች ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውንም ሸራው ያለቀ ነው።

ዘይቱ ንጹሕ፣ ልኩም ሙሉ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ መኪናዋ በኮምፒውተር ትነበብ። ፒ0730 የሚል ኮድ ማርሹ የሚጠበቅበትን ዙር እንዳልጠበቀ ይናገራል፤ ፒ0750 እና ተከታዮቹ ደግሞ ዘይቱን የሚመሩትን የኤሌክትሪክ ቫልቮች ይጠቁማሉ። ቫልቭ ብቻ ከሆነ በብዙ መኪኖች ካምቢዮው ሳይወርድ ይቀየራል።

ሸራው ካለቀ ምርጫው ማሳደስ ወይም ያገለገለ ካምቢዮ መግዛት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ያለችውን መጠገን ግድ ሆኖብናል። ያገለገለ ከገዙ የዋስትናውን ጊዜ በጽሑፍ ያስይዙ፤ የማቀዝቀዣ ቱቦዎቹም ይታጠቡ፣ አለበለዚያ የአሮጌው ስብርባሪ አዲሱን ይበላል።

መንገድ ላይ ጨርሳ እምቢ ካለች በገመድ አያስጎትቷት። የካምቢዮው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማ ሲዞር ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፋጫል። በፊት ጎማ የምትነዳ ከሆነ ፊቷ ከመሬት ይነሳ፤ ከተቻለ ሙሉ በሙሉ ትጫን።