መረብ በለበሱ የፍራፍሬ ዛፎች ላይ ተባይ ሲበዛ፦ ችግርና መፍትሄ

መረቡ ወፍንና የእሳት እራትን ያግዳል። ክሽክሽና ቀይ ሸረሪት (የቅጠል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች) ግን በቀዳዳው ያልፋሉ፤ ወይም ቀድሞውኑ ዛፉ ላይ ነበሩ። እነሱን የሚበሉት ጥንዚዛዎች ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ከመርጨት በፊት ተባዩ ከውጭ ገባ ወይስ እዚያው ተራባ የሚለውን ይለዩ።

መረቡ ደህና መስሎ ፍሬው ይተላል

የተጎዳው ፍሬ የት እንዳለ ይመልከቱ። ጉዳቱ በበሩና በዳር ረድፎች ከበዛ የተቀደደ ቦታ ወይም ከመሬት የተነሳ ጠርዝ አለ፤ ይስፉት፣ ጠርዙንም አፈር ያልብሱት። ጉዳቱ መሃል ለመሃል ከተበታተነ ግን ተባዩ የከረመው ውስጥ ነው። የፖም ትል በቅርፊት ስንጥቅ፣ የፍራፍሬ ዝንብ አፈር ውስጥ ቆይቶ ክንፍ አውጥቶ ይነሳል፤ መረቡ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋበታል። ለፖም ትል አንድ የፌሮሞን ወጥመድ (በሴቷ የእሳት እራት ሽታ ወንዱን የሚስብ) ውስጥ፣ አንድ ውጭ ይስቀሉ፤ የውስጡ ከያዘ ነገሩ ተረጋገጠ።

መፍትሄው ዝርክርክ ሥራ አይወድም። የወደቀ ፍሬ በየጊዜው ተለቅሞ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ፀሐይ ላይ ይቆይ። ትሉ ከፍሬው ሳይወርድ ግንዱን ሸንተረር ባለው ካርቶን ይጠቅልሉ፤ የእሳት እራቱ ሳይወጣ ፈትተው ያቃጥሉ። መረቡ የሚዘጋው አበባው እንደረገፈ ነው፤ ቀድሞ ከተዘጋ ንብ አይገባም።

ቅጠሉ ተጠቅልሎ ያጣብቃል፣ ጥቁር ሻጋታ ይዟል

ክሽክሽ ነው። ጉንዳን በግንዱ ሲመላለስ ካዩ ከእሱ ይጀምሩ፤ ጣፋጩን ፈሳሽ ፈልጎ ክሽክሹን ከጠላቶቹ ይጠብቃል። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕላስቲክ ግንዱ ላይ አጥብቀው ያስሩና ጉንዳን የሚይዝ ሙጫ በላዩ ይቀቡ፤ በቀጥታ ቅርፊቱን አይቀቡ። ከሥር የሚፈላውን ቀንበጥ ይቁረጡ፣ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ይቀንሱ። የውጭው የፖም ትል ወጥመድ ባዶ በሆነባቸው ቀናት የመረቡን ጎን ገልጠው ጥንዚዛዎቹን ያስገቡ።

ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ መግዛት እዚህ አይረዳም፤ አየር ያፍናል፣ እርጥበቱም በሽታ ይጠራል።

ቅጠሉ ነሐስ መስሏል፣ ስስ ድር አለው

ቀይ ሸረሪት። በ10 እጥፍ ማጉሊያ የቅጠሉን ታችኛ ገጽ ይመርምሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፓይረትሮይድ የተባለው ፀረ-ተባይ ነው፦ አዳኝ ማይቶችን (ቀይ ሸረሪትን የሚበሉ ጥቃቅን የሸረሪት ዘመዶችን) ይገድላል፣ ቀይ ሸረሪት ግን ይተርፋል። ርጭቱን ያቁሙ፣ አቧራውን በውሃ ያጥቡ፣ አዳኝ ማይት ይልቀቁ።

መረቡን የነካ ፍሬ ብቻ ተወግቷል

ትኋን መሰል ተባዮች ውጭ ቆመው በቀዳዳው ይወጋሉ። መረቡን በምሰሶና ሽቦ ከቅርንጫፉ ያርቁ፣ የሚገፋውንም ይግረዙ።