ውሻችን በጅማ መንገድ ማስመለሱን ያቆመው በዚህ ነው

ከባለቤቴ ጋር አልጋ በገጠምንለት ሚኒባስ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስንጓዝ፣ ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ሸለቆ መውረድ እንደጀመርን ቡቺ ለሃጩ ተዝረከረከ፤ ከዚያ አስመለሰው። ምግቡን ለወጥን፤ አልሆነም። ቀስ ብለን ነዳን፤ ጥቂት ቀነሰለት። ከመኪናው ኋላ ባለው አልጋ ላይ ማስተኛታችን ግን አባሰበት፤ የመኪናው የኋላ ጫፍ ከሁሉም ይበልጥ ይወዛወዛልና።

ከጅማ ስንመለስ ማታ አበላነው፤ ጠዋት ውኃ ብቻ። ወሳኙ ግን ቦታው ነው፦ ቡቺ የሚጓዝበትን ሳጥን ከፊት ወንበሮች ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርገን በገመድ አጥብቀን አሰርነው። መስኮቱን ሦስት ጣት ያህል ከፈትን። በየሰዓቱም ቆመን አንሸራሸርነው። ጊቤን ተሻግረን ወልቂጤ ላይ ሳጥኑን ስከፍት ጨርቁ ደረቅ ነበር፤ ቡቺም አፍንጫውን መዳፌ ውስጥ ቀበረው።