በሞተርሆም ከቤተሰብ ጋር ከመውጣታችሁ በፊት መኪናውን አስመዝኑ

ለትልቅ ቤተሰብ ሞተርሆም (ውስጡ አልጋ ያለው፣ እንደ ቤት የሚያገለግል መኪና) ስትመርጡ ከአልጋው በፊት ቀበቶ ያለውን መቀመጫ ቁጠሩ፤ 6 አልጋ ይዞ ቀበቶው 4 ብቻ የሆነ አለ።

ዋናው ችግር ግን ክብደት ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን የ100 ሊትር ታንክ ሲሞላ 100 ኪሎ ይጨምራል፤ ሰውና ብስክሌት ሳይቆጠር። ጭነቱ ከተፈቀደው ሲያልፍ ጎማ ከመጠን በላይ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል፤ ፍሬንም ቶሎ አይዝም። ስለዚህ ሁሉም ተሳፍሮ፣ ነዳጅ ተሞልቶ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ የፊትና የኋላ አክስልም (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ) ለየብቻ ይመዘን። ጠቅላላው ልክ ሆኖ የኋላው ብቻ ሊያልፍ ይችላል፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ከበዛ መጀመሪያ ውሃውን ቀንሱ፤ ለመንገድ 20 ሊትር ይበቃል፣ ስትደርሱ ትሞላላችሁ። ከባዱ ዕቃ በሁለቱ አክስሎች መሀል ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ኋላ ጫፍ ላይ ከተከመረ የፊት ጎማዎች ይቀሉና መሪው አይታዘዝም።