ታይሚንግ ቺንጋው ተበጠሰ? መጀመሪያ ምን እንደበጠሰው ፈልጉ

ታይሚንግ ቺንጋ ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ከካምሻፍቱ (የአየርና የጭስ በሮቹን፣ ቫልቮቹን፣ ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር አስማምቶ የሚያዞር ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ ነው። መኪናው እየሄደ ነበር። ድንገት ሞተሩ ጸጥ አለ። አልተንገጫገጨም፣ አላጨሰም፣ ጉልበትም አልቀነሰም። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ባትሪና ነዳጅ አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ቁልፉን አዙራችሁ አዳምጡ። ጤነኛ ሞተር ፒስተኑ አየር በጨመቀ ቁጥር ድምፁ ከበድ፣ ቀለል፣ ከበድ፣ ቀለል ይላል። ቺንጋው ከተበጠሰ ይህ ምት የለም። እንደ ፀጉር ማድረቂያ ፈጥኖና ቀልሎ ይሽከረከራል። ካምሻፍቱ ስለቆመ ክፍት የነበረው ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ቀርቷል፣ ስለዚህ ሞተሩ እንደ ወትሮው አየር መጭመቅ አይችልም። ምቱ እንደ ወትሮው ከሆነ ወደ ካንዴላና ነዳጅ መስመር ሂዱ።

ድምፁ ከቀለለ ግን ቁልፉን ልቀቁ። አትደጋግሙ! አስገፍታችሁ ለማስነሳትማ ጭራሽ እንዳታስቡ። በብዙ አሮጌ ሞተሮች፣ በተለይ በዲዝሎቹ፣ የተከፈተ ቫልቭና ወደ ላይ የመጣ ፒስተን አንድ ቦታ ይሻማሉ። የሚያስማማቸው ቺንጋው ነው። እሱ ሲበጠስ ይጋጫሉ፣ ቫልቭ ይጣመማል። እንደ ቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ያሉ ሞተሮች ክፍተት ስላላቸው ከዚህ ይተርፋሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ እስክታውቁ ግን ይጋጫል ብላችሁ ያዙት። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) ላይ እያለ የቆመ መኪና ባለቤቱ ሰው ሰብስቦ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ቁልቁለት ላይ አስገፍቶ ካመጣልኝ በኋላ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲወርድ ቀጥ ያለ ቫልቭ ፈልጌ አጣሁ። ሚኒሞ ላይ ሲበጠስ ጉዳቱ ትንሽ ሊሆን ይችል ነበር። የቀረውን ግፊያው ጨረሰው።

ለማረጋገጥ ማርሹን ነጻ አድርጉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። የክራንክሻፍቱን ብሎን በብሎን መፍቻ ይዛችሁ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ጠንከር ካለ አቁሙ፣ ፒስተን ቫልቭ ነክቶ ሊሆን ይችላል። በብዙ ሞተሮች በክዳኑ ቀዳዳ ካምሻፍቱ ይታያል። ክራንክሻፍቱ ዞሮ እሱ ካልተንቀሳቀሰ ነገሩ አለቀ። ቀዳዳው የማያሳይ ከሆነ የላይኛውን ሽፋን ፍቱ።

ሽፋኑን ፈትቶ "ቺንጋው አለ" ብሎ መልሶ የሚያስር ሰው ግን ያናድደኛል። አለ፣ ግን ይዞራል ወይ? ከታች፣ በክራንክሻፍቱ ጥርስ ላይ፣ የቺንጋው ጥርሶች ተልጠው ላይኛው ክፍል አዲስ ሊመስል ይችላል። ኮይል ተቀይሮለት፣ የነዳጅ ፓምፕ ተቀይሮለት፣ ካንዴላ ተቀይሮለት የመጣ መኪና አይቻለሁ። ከላይ ቺንጋው ውጥር ብሎ ተቀምጧል። ታች ግን ለስላሳ ጎማ ብቻ።

አልፎ አልፎ የክራንክሻፍቱን ጥርስ ከዘንጉ ጋር የሚያስይዘው ትንሽ ብረት ይቆረጣል፣ ወይም ካምሻፍቱ ራሱ ይሰበራል። ቺንጋው ደህና ሆኖ ችግሩ ካልጠፋ እነዚህን አስቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደጋግሞ እጄ ላይ የሚወድቀው በእርጅና የተበጠሰ ቺንጋ አይደለም። "አምና ነው ያስቀየርኩት" የሚባለው ነው። ቺንጋው እውነትም አዲስ ነው። መወጠሪያው፣ አቅጣጫ አስያዡ ፑሊና የውሃ ፓምፑ ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት ናቸው። አንደኛቸው ኩሽኔታው ይደርቃል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ይነክሳል። ነክሶ በቆመ ፑሊ ላይ ቺንጋ እየተጎተተ ስንት ቀን ይኖራል? ባለቤቱ ከፊት በኩል የሚያፏጭ ድምፅ ለሳምንታት እየሰማ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። ኋላ ቺንጋ ሻጩን ይረግማል።

ስለዚህ የተበጠሰውን አትጣሉት፣ አንብቡት። በአንድ በኩል ጠርዙ ተበልቶ ከሆነ ፑሊ ተጣሟል ወይም ኩሽኔታ ላልቷል። ጎማው አብጦ ከለሰለሰ ዘይት ጠጥቷል፤ የካምሻፍትና የክራንክሻፍት ዘይት ሲሎችን (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግዱትን ቀለበቶች) ተመልከቱ። በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ከተበጠሰ ሲገጠም ወይም ሲቀመጥ ታጥፎ ውስጡ ያለው ክር ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥርሶቹ ከተላጡ የነከሰ ነገር አለ። ሁሉንም ፑሊ በእጃችሁ አዙሩ፣ የውሃ ፓምፑንም። የሚያንኳኳ፣ የሚያንጓጓ ወይም የሚወላወል ካገኛችሁ ወንጀለኛው እሱ ነው።

ጥገናው ከዚህ ይጀምራል። ቴስታታውን ለማውረድ አትቸኩሉ። በተለመደው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ክራንክሻፍቱን ከላይኛው ነጥብ (አንደኛው ፒስተን ጫፍ ከሚደርስበት) ሩብ ዙር መልሱት፣ ሁሉም ፒስተኖች መሐል ይሆናሉ። ከዚያ ካምሻፍቱን ማስገጠሚያ ምልክቱ ላይ አምጡ፣ ክራንክሻፍቱንም ወደ ምልክቱ መልሱ። ዲዝል ከሆነ በዚሁ ቺንጋ የሚዞር የነዳጅ ፓምፕ የራሱ ምልክት አለው፣ አትርሱት። ቺንጋ አድርጋችሁ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩና ኮምፕሬሽን (እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር የሚጨምቅበትን ኃይል) ለኩ። አራቱም ደህና ከሆኑ ተገላገላችሁ። አንዱ ዜሮ ካሳየ ቴስታታው ይወርዳል፣ አማራጭ የለም።

ስትገጥሙ ቺንጋ፣ መወጠሪያ፣ ፑሊዎች፣ ዘይት ሲሎች፣ በቺንጋው የሚዞር ከሆነም የውሃ ፓምፑ አብረው ይቀየሩ። ሥራው የሚከብደው መፍታቱ ነው፣ ተፈትቶ እያለ ሃያ ሰበብ አትደርድሩ። ጽሑፉ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ቺንጋ ካያችሁ ለሻጩ መልሱለት። አዲሱን አታጣጥፉት፣ አትጠምዝዙት፣ በካቻቪቴ ፈልቅቃችሁ አታስገቡ። የፑሊ ብሎን ስታላሉም ቺንጋውን እንደ መያዣ አትጠቀሙበት። መወጠሪያውን በመመሪያው ልክ ወጥሩ፤ ከላላ ጥርስ ይዘላል፣ ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል። ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙራችሁ ምልክቶቹ መግጠማቸውን ሳታዩ ሞተሪኖ አትንኩ።

በመጨረሻ ቀኑንና ኪሎሜትሩን በማይለቅ ቀለም ሽፋኑ ላይ ጻፉ። በአንዳንድ የቶዮታ ዲዝሎች ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋ መብራት አለ፣ ጊዜው ሲደርስ ይበራል። ከቀየራችሁ በኋላ መልሳችሁ ወደ ዜሮ አስጀምሩት። አምፖሉን ነቅሎ መገላገል የሚወድ ሰው ስላለ መብራቱ መሥራቱንም ቁልፍ ስትከፍቱ እዩ።