ስላይዱን ፎቶ አንስታችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት

ኮንፈረንስ ላይ ጥሩ ስላይድ ሲመጣ እጃችን ወዲያው ስልክ ላይ ነው። እኔም ያው ነኝ። ግን ከመለጠፋችሁ በፊት የስላይዱን ጥግ እዩ። አንዳንድ አቅራቢዎች በመስመር የተሰረዘ የካሜራ ምስል ያስቀምጣሉ፤ አታጋሩብኝ ማለታቸው ነው። ምልክት ከሌለ በሻይ ሰዓት ጠጋ ብሎ መጠየቅ ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ነገሩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አንድ ግኝት የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማመልከቻ ሳይገባለት ለሕዝብ ከወጣ አዲስነቱን ያጣል፣ ፓተንቱም ሊቀር ይችላል። አሜሪካ እንኳ ከወጣ በኋላ ለማመልከት የ1 ዓመት ፋታ ትሰጣለች። በዝግ ጉባኤዎች ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። ለምሳሌ የጎርደን ሪሰርች ኮንፈረንሶች ፎቶም ቀረጻም ጭራሽ ይከለክላሉ፤ እዚያ የተነገረ እዚያው ይቀራል።

ሲፈቀድላችሁ የአቅራቢውን ስምና የኮንፈረንሱን ሃሽታግ አብራችሁ ጻፉ። እሱ ያለውንና እናንተ ያሰባችሁትን አታደባልቁ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ተማሪ ሲያቀርብ ደግሞ አደራ። ጥያቄ አጣብቆት ሲንተባተብ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ማውጣት ነውር ነው። የምትነግሩት ካለ ኮሪደር ላይ ያዙት።